«ፍቅር እስከ መቃብር»ን አለመውደድ

ስለ ሌላ የአማርኛ ልብ ወለድ «አልወደድኩትም» ብሎ መናገር ቀላል ነው። ስለ «ፍቅር እስከ መቃብር» ሲሆን ግን ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚናገረው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ይህ መጽሐፍ ወደ ስልሳ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ የአማርኛ ድርሰት መለኪያ ሆኖ ኖሯል። ቅንጫቢው በመማሪያ መጻሕፍት ይገባል፤ ገጸ ባሕርይው ጉዱ ካሳ በክርክር መካከል እንደ ምስክር ይጠራል፤ መጽሐፉን ገልጦ የማያውቅ ሰው እንኳ በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን በስም ያውቃቸዋል። እንዲህ ያለውን መጽሐፍ አንድ የአሥራ ስድስት ዓመት ተማሪ «ሰለቸኝ» ቢል የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው፤ የማንበብ ልምድ የለህም፣ ስታድግ ይገባሃል፣ የዘንድሮ ልጆች ትዕግሥት የላችሁም። እኔ ተማሪ ሳለሁ አልወደድኩትም። ካደግሁ በኋላም ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፤ ዛሬም ታሪኩ የተሰየመበትን ፍቅር አልወደውም። ነገር ግን በዚያው መጽሐፍ ውስጥ ከየትኛውም የአማርኛ ልብ ወለድ ጋር የማልለውጠው ክፍል አለ፤ ትምህርት ቤት ደግሞ በብዛት ያስተማረን ያንን አይደለም።

ተማሪው ከመጽሐፉ ጋር እንዴት እንደሚገናኝ እናስብ። ገና ገጽ ሳይገልጥ ጭብጡ፣ መቼቱና የዋና ገጸ ባሕርያቱ ዝርዝር ሰሌዳ ላይ ተጽፎለታል። ጭብጡ «እውነተኛ ፍቅር እና ኋላ ቀር ልማድ» ነው፤ ጉዱ ካሳ «የለውጥ ድምፅ» ነው፤ ፊታውራሪ መሸሻ «የፊውዳሉ ሥርዓት ተወካይ» ናቸው። ፈተናው የሚጠይቀውም ይህንኑ ነው። መጽሐፉ ከአምስት መቶ ገጽ በላይ ነው፤ በቤተ መጻሕፍቱ ያለው ቅጂ ደግሞ ለክፍሉ አይበቃም። ስለዚህ ተማሪው ያነበበ ጓደኛ ፈልጎ ያስተርካል፤ አሁን አሁን ደግሞ ማጠቃለያውን ከስልኩ ያነባል፤ ያልፋልም። ጥቂቶቹ ግን ከዳር እስከ ዳር ያነቡታል። ከእነዚያ ውስጥ አንዱ ተነሥቶ «ሰለቸኝ» ሲል ልንሰማው ይገባል። መጽሐፉን በእርግጥ ያነበበው እሱ ነውና።

ታሪኩ ለራቀበት አንባቢ ባጭሩ ላስታውስ። ማንኩሳ በምትባለው የጎጃም መንደር ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ ተጋብተው በዛብህን ይወልዳሉ፤ ልጁ ሕመም እየበዛበት ሲያስቸግራቸው ተርፎ ቤተ ክርስቲያን እንዲያገለግል፣ ሚስት እንዳያገባ ይሳላሉ። ልጁ ያድጋል፣ የቤተ ክህነት ትምህርት ይማራል፣ ዲማ ይደርሳል፤ በዚያም የፊታውራሪ መሸሻና የወይዘሮ ጥሩአይነት ልጅ ለሆነችው ለሰብለ ወንጌል አስተማሪ ሆኖ ይገባል። ሰብለ አባቷ በዘር የሚመጥናት ሰው አጥተውላት የማግቢያ ዕድሜዋ ያለፈ ልጅ ናት። ይዋደዳሉ፤ ፍቅሩ አደጋ ላይ ሲወድቅ በዛብህ ወደ አዲስ አበባ ይሸሻል፤ እሷም ኋላ መነኩሴ መስላ ከቤቷ ጠፍታ ልትፈልገው ትወጣለች። እሱም ሊገናኛት ሲመለስ መንገድ ላይ በወንበዴዎች ይመታል፤ የምትደርሰው ሊሞት ሲል ነው። እሱ ይቀበራል፤ እሷ ትመነኩሳለች።

የመጀመሪያው ቅሬታዬ የሚነሣው ከዚህ ፍቅር ነው። በዛብህና ሰብለ እርስ በርሳቸው ከሚያወሩት ይልቅ ደራሲው ስለ እነርሱ የሚያወራው ይበልጣል። ሰብለ ቆንጆ መሆኗ፣ ደግ መሆኗ፣ አስተዋይ መሆኗ ይነገረናል፤ ምን እንደሚያስቃት፣ በምን እንደምትናደድ፣ አባቷን በአንድ በኩል ስትፈራ በሌላ በኩል እንዴት እንደምትወድ ግን የምናውቀው ጥቂት ነው። በዛብህም እንዲሁ ነው። ቅኔ የሚዘርፍ፣ ከብዙ መምህራን ጋር የዋለ ጎልማሳ ነው፤ ከሰብለ ፊት ሲቀርብ ግን ያ ሁሉ የቅኔ ቤት ብልጠት ይጠፋና ዓይን አፋር ብቻ ሆኖ ይቀራል። ሁለቱ ተጣልተው የሚታረቁበት፣ አንዱ ሌላውን የሚጠራጠርበት፣ አንዱ በሌላው ምክንያት የሚለወጥበት ነገር ሲጠፋ ፍቅሩ ከውጭ በሚመጣ መከራ ብቻ ይለካል። የአሥራ ስድስት ዓመቱ ተማሪ ይህን በዚህ ቃል አይናገረውም፤ «ረዘመ» ነው የሚለው። ርዝመቱ ግን ጥፋት የለበትም፤ ተማሪው የተሰማው የሁለቱ ሰዎች ባዶነት ነው።

ሰብለ በእውነት ሰው የምትሆነው ቤቷን ጥላ የወጣች ዕለት ነው። ለአንዲት የባላባት ልጅ ብቻዋን በእግሯ ያን መንገድ መጀመር ምን ማለት እንደሆነ ሐዲስ ያውቃሉ፤ ምዕራፉም ትንፋሽ ያሳጥራል። ከዚያ በኋላ ግን መጽሐፉ ያንን ድፍረቷን የሚያውልበት ቦታ ያጣል። የደረሰችው ለመቅበርና ለመመንኮስ ሆነ።

ሁለተኛው ቅሬታዬ ስለ በዛብህ አሟሟት ነው፤ በእኔ ሚዛን የመጽሐፉ ትልቁ ስንጥቅ ይህ ነው። ልብ ወለዱ ብዙ መቶ ገጽ ሙሉ አንድ ነገር ሊያስረዳን ይደክማል፤ ሰውን በዘር የሚያበላልጠው ሥርዓት፣ የልጅን ሕይወት ከልጁ ሳይጠይቅ የሚሰጠው ስለት፣ የፊታውራሪ ትዕቢት ሁለት ወጣቶችን እንደሚያጠፋ። መጨረሻው ሲደርስ ግን በዛብህን የሚገድለው ከእነዚህ አንዱም አይደለም። መንገድ ላይ የገጠመው ወንበዴ ነው፤ ወንበዴ ደግሞ የማንንም ነጋዴ፣ የማንንም መንገደኛ ሊገድል ይችላል። ክሱ ተከሳሹን ችሎት ፊት ካቆመ በኋላ በሌላ ሰው ጥፋት ተዘጋ። ከዚህም የከፋው ስለቱ ነው። ለቤተ ክርስቲያን የተሳለ ልጅ ስለቱን አፍርሶ ሴት ቢወድና መንገድ ላይ ወድቆ ቢሞት፣ በስለት የሚያምን አንባቢ ምን ብሎ መጽሐፉን ይዘጋል? «ስለቱ ያዘው» ይላል። ይህን ሲሉ የሰማኋቸው ሰዎች ሞኞች አይደሉም፤ ታሪኩ ያንን በር ክፍት ትቶታል። ልማድን ሊከስ የተነሣ መጽሐፍ መጨረሻው ላይ ለልማዱ ምስክር ሆኖ ሊነበብ ከቻለ አወቃቀሩ ላይ ችግር አለ፤ ይህን ችግር ግን በየትኛውም ክፍል ውስጥ ለውይይት ሲቀርብ አላየሁም።

ሦስተኛው ጉዱ ካሳ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ወዳጆቼ እንደሚቆጡ አውቃለሁ፤ የመጽሐፉ ተወዳጅ ሰው እሱ ነውና። ኅብረተሰቡን እርስ በርሱ እንደተጫነ የድንጋይ ካብ አድርጎ የሚገልጽበትን ቦታ በቃል የያዘው ሰው ብዙ ነው፤ ሐሳቡም ኃይለኛ ሐሳብ ነው፤ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ያንን አሳትሞ ማውጣት ድፍረት ይጠይቃል፤ በተለይ ጸሐፊው የትምህርት ሚኒስትር፣ በለንደንም አምባሳደር የነበሩ ሰው ሲሆኑ። ይህን ሁሉ አከብራለሁ። እንደ ልብ ወለድ ገጸ ባሕርይ ግን ጉዱ ካሳ ችግር አለበት፤ ሁልጊዜ ትክክል ነው። ተከራካሪዎቹ ወይ ይስቁበታል ወይ ይቆጡታል እንጂ እሱን የሚያናጋ መልስ ይዞ የሚመጣ የለም። «ጉዱ» ተብሎ እንደ እብድ መታየቱም ጋሻ ሆኖታል፤ የፊታውራሪ መሸሻ ቤት ዘመድ ነው፤ ሌላው ቢናገረው አንገቱን የሚያሳጣውን ነገር እሱ ተናግሮት ያድራል። አንባቢው አብሮት ከማሰብ ይልቅ እሱን መስማት ብቻ ይቀረዋል። መምህራን የሚወዱትም በዚህ ይመስለኛል፤ ንግግሩ ተቆርጦ ፈተና ላይ ለመውጣት የተዘጋጀ ነው።

ዳኛቸው ወርቁ በ1962 ዓ.ም. ያወጡትን «አደፍርስ»ን ከጎኑ ብናስቀምጥ ልዩነቱ ይታያል። አደፍርስም የተማረ፣ ልማድን የሚተች፣ ንግግር የሚያበዛ ወጣት ነው። ታሪኩ በሚካሄድበት በአርማንያ ግን የሚመልስለት አለ። ወይዘሮ አሰጋሽ የራሳቸው እውነት አላቸው፤ ካህኑም፣ ገበሬውም፣ ወጣቶቹም የየራሳቸውን ይዘው ይሞግታሉ፤ ደራሲው ደግሞ ማን እንደረታ አይነግረንም። «አደፍርስ» ከባድ ነው፤ አንባቢም ብዙ አላገኘም። ነገር ግን አንድ ሐሳብ በልብ ወለድ ውስጥ እንዴት እንደሚፈተን ለማየት የፈለገ ተማሪ ከጉዱ ካሳ ይልቅ እዚያ ያገኘዋል።

ስለ አጻጻፉም ልናገር። ሐዲስ ደብረ ኤልያስና ዲማ የተማሩ ሰው ናቸው፤ ዓረፍተ ነገራቸው የዚያ ትምህርት ቤት ልጅ ነው፤ ይረዝማል፣ ይጠማዘዛል፣ መጨረሻው ላይ ደርሶ ይፈታል። ሲሳካ ይህን የሚያህል አማርኛ የለም። የቤተ ክህነቱን፣ የገበሬውን፣ የባላባቱን ቤት አነጋገር ለይተው ያስቀምጣሉ። የሚያደክመኝ ግን የሚከተለው ማብራሪያ ነው። ሰዎቹ ተነጋግረው ነገሩ ግልጽ ከሆነ በኋላ ተራኪው ይመለስና የተባለውን ያስረዳናል፤ ማን እንደተሳሳተ፣ ለምን እንደተሳሳተ፣ ሰው እንዲህ ባይሆን ምን ያህል ጥሩ እንደነበር። ይህ ጥንቃቄ እስከ ፊደሉ ይወርዳል። ሐዲስ የሚጠብቀውን ፊደል አንባቢ እንዳይስተው ከላዩ ነጥብ አድርገው ነው ያሳተሙት። የፊደሉን ነጥብ እወደዋለሁ፤ የአማርኛ ጽሕፈት በእርግጥ የጎደለውን ነገር ሊሞላ የተደረገ ሙከራ ነው። በሐሳቡ ላይ የተደረገውን ነጥብ ግን አልወደውም፤ አንባቢ ራሱ አጥብቆ ወይም አላልቶ እንዲያነበው ሊተውለት ይገባ ነበር።

እዚህ ላይ የወጋየሁ ንጋቱ ስም ሳይነሣ አይታለፍም። ያ ታላቅ ተዋናይ መጽሐፉን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ተርኮታል፤ ከዚያ ወዲህ ስፍር ቁጥር የሌለው ሰው «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የሚያውቀው በጆሮው ነው። ወጋየሁ ለፊታውራሪ ሌላ፣ ለጉዱ ካሳ ሌላ፣ ለወይዘሮ ጥሩአይነት ሌላ ድምፅ ሰጥቷቸዋል፤ ማብራሪያው የሚረዝምበትን ቦታ በትንፋሹ ሸፍኖታል፤ ባዶ የሆኑትን ሁለት ወጣቶች በድምፁ ሥጋ አልብሷቸዋል። አባቶቻችንና እናቶቻችን «እንዲህ ያለ መጽሐፍ አትወድም?» ሲሉን ብዙ ጊዜ የሚያስታውሱት ያንን ድምፅ ነው። ልጁ ግን የተሰጠው ወረቀት ነው። ሁለቱ የተለያየ ሥራ ናቸው፤ በአንዱ ፍቅር ሌላውን ያልወደደውን መውቀስ ፍትሕ አይደለም።

አሁን ወደማልለውጠው ክፍል ልምጣ። ፊታውራሪ መሸሻ ከገበሬዎቻቸው ላይ ከተለመደው በላይ መጠየቅ ይጀምራሉ፤ ገበሬዎቹ እምቢ ይላሉ፤ አበጀ በለው መሪያቸው ይሆናል፤ ፊታውራሪ ሊያስገብሩ ዘምተው ራሳቸው ይማረካሉ። እዚህ ላይ የሐዲስ ብዕር ሌላ ይሆናል። ክርክሩ የሚካሄደው በሥራ ነው፤ ማን እንደሚፈራ፣ ማን እንደሚያመነታ፣ ማን ከማን ጋር እንደሚቆም እናያለን። ፊታውራሪም «የፊውዳል ተወካይ» ከሚለው የሰሌዳ ጽሑፍ ወጥተው ሰው ይሆናሉ። ትዕቢታቸው የሚያስቅ ነው፤ የሚያሳዝንም ነው። ዘር እየቆጠሩ ልጃቸውን ያለ ባል ያስቀሩ አባት፣ ክብራቸው በገበሬ እጅ ሲወድቅ የሚሆኑትን የሚተካከል ትዕይንት በአማርኛ ልብ ወለድ ውስጥ አላገኘሁም።

ከዚህም በላይ ደግሞ እነዚያ ገበሬዎች ጉዱ ካሳን ይሞግቱታል፤ ፊት ለፊት ባይሆንም። ለጉዱ ካሳ ልማድ ሁሉ ሸክም ነው። ገበሬዎቹ ግን ጌታቸውን የሚቃወሙት በልማድ ነው። ከአባት ከአያት ያልነበረውን አንከፍልም ነው የሚሉት። ጎጃም ገበሬው በአብዛኛው ባለርስት የነበረበት አገር ነው፤ ባለጉልቱ ግብር ይቀበላል እንጂ ገበሬውን ከመሬቱ አይነቅለውም፤ በሁለቱ መካከል የቆመው ሕግ የተጻፈ ሳይሆን የታወቀ ነበር። ስለዚህ ልማዱ ለፊታውራሪ የትዕቢት ምንጭ ሲሆን ለአበጀ በለው ደግሞ መከላከያው ነው። አንድ ነገር ለአንዱ ካብ ለሌላው አጥር ሲሆን ልብ ወለድ የሚባለው ሥራ ተጀመረ ማለት ነው። መጽሐፉ ይህን ተቃርኖ አሳይቶ ሳያብራራው ያልፋል፤ የሚያምርበትም ለዚያ ነው።

ዘመኑን ያየ ሰው ይህ ክፍል ምን ያህል ትኩስ እንደነበር ይረዳል። መጽሐፉ ከመውጣቱ አንድ ዓመት ቀድሞ፣ በየካቲት 1957 ዓ.ም.፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው አዲስ አበባ ላይ ሰልፍ ወጥተዋል። በታተመበት በ1958 ዓ.ም. የጉልትን መብት የሚሽር አዋጅ ወጣ። ሁለት ዓመት ቆይቶ በ1960 ዓ.ም. በዚያው በጎጃም ገበሬው አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር አልከፍልም ብሎ ተነሣ፤ መንግሥት ጦር አዘመተ፤ በስተመጨረሻም ጠቅላይ ገዥው ፀሐዩ እንቈ ሥላሴ ከቦታቸው ተነሡ። ሐዲስ ነቢይ ነበሩ ማለቴ አይደለም። አገራቸውን ያውቁ ነበር፤ የጎጃም ገበሬ ምን ሲደርስበት እንደሚነሣና ምን ብሎ እንደሚከራከር ያውቁ ነበር። ይህ ዕውቀት ከፍቅሩ ገጾች ይልቅ እዚህ ይታያል። አንድ የታሪክና አንድ የአማርኛ መምህር ተባብረው ይህንን ክፍል ብቻ ቢያስተምሩ የሚያነሡት ጥያቄ ለአንድ መንፈቀ ዓመት አያልቅም።

ከመጀመሪያዎቹ ምዕራፎችም ውድነሽ በጣሙን አልረሳትም። ባሎቿ እየሞቱባት «ገፊ» ተብላ ሰው የሚሸሻት፣ ያላት እርሻ ግን የሚያጓጓ ሴት። ቦጋለ እሷን ለማግባት ሲያስብ የሞት ፍርሃትና የኑሮ ችግር በአንድ ልብ ውስጥ ሲታገሉ እናያለን። እነዚህ ሁለት ጎልማሶች ከልጃቸው ፍቅር የበለጠ የምናምነው ትዳር ይመሠርታሉ። ትምህርት ቤት ግን በእነርሱ ላይ የሚቆየው የበዛብህን ልደት እስኪያስመዘግብ ነው።

«በዘመኑ ሚዛን ፍረዱት» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ልብ ወለድ፣ «ጦቢያ» ተብሎ የሚታወቀው፣ ሮም ላይ የታተመው በ1900 ዓ.ም. ነው፤ ሐዲስ ሲጽፉ የአማርኛ ልብ ወለድ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎታል። ምሕረት የሚያስፈልገው ጀማሪ ሥራ አልነበረም። ሐዲስም ምሕረት የሚለመንላቸው ደራሲ አይደሉም፤ ታላቅ ናቸው፤ ታላቅ በሆኑበት ቦታ ስናደንቃቸው ያልተሳካላቸውን ቦታ መጠቆም ክብራቸውን አይነካም። ክብራቸውን የሚነካው መጽሐፋቸውን ሳያነቡ ማመስገን ነው፤ ይህን ደግሞ ለተማሪዎቻችን በየዓመቱ እያስተማርን ነው።

ስለዚህ ለአማርኛ መምህራን የምለው አለኝ። መጽሐፉን ከፕሮግራሙ አታውጡት። ጭብጡን ግን ከንባቡ በፊት አትጻፉላቸው። ሙሉውን ለማንበብ ጊዜ ከሌለ የውድነሽንና የቦጋለን ምዕራፎች፣ የፊታውራሪንና የገበሬዎቹን ግጭት ሳይቆራረጥ አንብቡላቸው፤ የጉዱ ካሳን ንግግር ከዚያ በኋላ አምጡትና ገበሬዎቹ ምን ይመልሱለት እንደነበር ጠይቋቸው። አንድ ተማሪም «ይህን ፍቅር አላመንኩትም» ብሎ ቢጽፍ፣ ለምን እንዳላመነው ገጹን እየጠቀሰ ካሳያችሁ፣ ሙሉ ማርክ ስጡት።